የጋሽ ልክ ቀለበቶች

አጎቴን ወደቡ ላይ በመታወቂያ ስሙ ብትጠይቁ የሚያውቀው አይገኝም። «ጋሽ ልክ» ካላችሁ ግን የጥበቃው ውሻ እንኳ መንገዱን ይመራችኋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። አንድ ዕቃ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ገጥሞ ሲጨርስ ዓይኑን ይጨፍንና በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። ከዚያ «ልክ!» ይላል። ይህችን ቃል ሳይላት ዕቃው ከሱቁ አይወጣም። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ቢለምን፣ ጀልባው ሊሄድ ተነሥቶ ቢጮህ፣ ጋሽ ልክ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ሱቁ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ፣ በመረብ መጋዘንና ሁልጊዜ በተዘጋ አንድ ቢሮ መሃል የተሸጎጠች ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በስተቀኝ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የመርከብ ጥገና ፋብሪካ ሲዘጋ ይህን አሮጌ ቶርኖ ሰጡት፤ ከጡረታው ይልቅ የተደሰተው በእሱ ነው። ለማስገባት በሩን ከነመቃኑ ነቅሎ መልሶ ሠርቶታል። ከመስኮቱ ሥር ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ሞረድና በየቁመቱ የተደረደረ ካቻቢቴ አለ። ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለው ሁሉ ካሩኮላ ነው፤ የእንጨት፣ የብረት፣ ጉንጩ የተሰበረ፣ ልቡ የወጣ።

ካሩኮላ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ነው። ዙሪያውን ቦይ የወጣለት መዘውር በሁለት ጉንጭ መሃል ይቀመጣል፤ መሃሉን ፒን ይወጋዋል፤ ገመዱ በቦዩ ላይ ይሮጣል። የባለ ሸራ ጀልባ ሰው ገመድ ሲስብ ሸራው ምሰሶው ላይ የሚወጣው በዚህ ነው። አጎቴን የሚያስጨንቀው ግን በመዘውሩና በፒኑ መሃል ያለው ነገር ነው። እዚያ ምን ይግባ? ባለ ኳስ ኩሽኔታ? የነሐስ ቀለበት? የፕላስቲክ? ሰው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣል ብሎ የሚገምት የለም፤ እሱ ግን ያጣል።

አንድ ቀን ቁልፍ ልወስድ ሄጄ አንድ ባለ ጀልባ ሲከራከረው ሰማሁ። ሰውዬው ጫማው ያብረቀርቃል።

«ጋሽ ልክ፣ ለሁሉም ባለ ኳሱን ያስገቡልኝ። ውድ የሆነውን።»

«ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው ሥራው ምንድን ነው?» አለ አጎቴ ቀና ሳይል።

«ሸራ ይሸከማላ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«እየዞረ ነው ቆሞ?»

«ቆሞ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ቆሞ ለሚሸከም ነገር ሯጭ ምን ያደርግለታል? ኳሶቹ አንድ ቦታ ተጨቁነው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ለእሱ ነሐስ ነው፤ ነሐስ ትዕግሥት አለው። ባለ ኳሱን ሲሳብና ሲለቀቅ ለሚውለው ገመድ ያድርጉት።» ሰውዬው ውድ ነገር እንዳይገዛ ሲከለከል የመጀመሪያው ሳይሆን አልቀረም፤ ተቀይሞ ሄደ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

ለጋብቻም አጎቴ እንዲሁ ነበር። አንዷ ሳቋ በዛ፣ አንዷ ዝምታዋ በዛ፣ አንዷ በጣም ደህና ነበረች ግን ሻይ ስትጠጣ ድምፅ ታሰማለች። ሲለካ ሲለካ ዕድሜው አለፈ። እናቴ «ሰው እኮ በሞረድ አይስተካከልም» ስትለው፣ «ለዚህ አይደል የተውኩት» ይላል።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ስድሳ ሁለት ዓመቱን ይዞም ቤቷ የሚገባው ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ «እታለም» ብሎ ነው። እሷ ደግሞ ፊቱን አይታ በልቶ ይሁን አይሁን ታውቃለች። እኔ ሴት ልጇ ነኝ፤ ፊቴን አይታ ግን መቆጣቴን ብቻ ነው የምታውቀው። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ አልክድም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ ሳይቀሩ መርፌ አፌ ውስጥ ካለ አያናግሩኝም።

የተቆጣሁት በእናቴ ባለ ሸራ ጀልባ ምክንያት ነው። አባቴና እናቴ በዚያች ስድስት ሜትር ጀልባ ሰውና ዕቃ ከዚህ ዳርቻ ወደዚያ ዳርቻ ሲያመላልሱ ኖሩ። አባቴ አልጋው ላይ በሰላም ከሞተ በኋላ ብቻዋን ቀጠለች። መንገደኛው ሁሉ በሞተር ጀልባ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ለራሷ ብቻ ትወጣ ጀመር። በሳምንት ሦስት ቀን ትወጣለች፣ ዞራ ትመጣለች፣ ያን ቀን ፊቷ የተለየ ነው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጣቶቿ በቁርጥማት አብጠው መገጣጠሚያቸው ላይ ቋጠሮ አውጥተዋል።

ባለፈው ዓመት የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ወጥታ ሸራው ግማሽ ላይ ተያዘባት። ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይመለስ። አራት ሰዓት ሙሉ ነፋሱ ወደ ወሰዳት ስትሄድ ቆይታ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጎትቶ አመጣት። እኔ ዳርቻው ላይ ቆሜ ያንን አራት ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። ስትወርድ ግን አላቀፍኳትም። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት።

«በቃ! ይቺ ጀልባ ትሂድ! ጎረቤት ያለው ጡረተኛው አስተማሪ ስንት ጊዜ ለምኖሻል፤ ስጪው!»

«ካሩኮላዎቹ ዝገው ነው እንጂ እኔ ምን ሆኛለሁ?» አለች።

«እጅሽ ነው የዛገው!»

ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አልመለስኩትም።  ማታውን ቤት ተቀምጠን ተስማማን። ካሩኮላዎቹ ይጠገናሉ። ከዚያ በአንድ እሑድ፣ እኛ እያየን፣ ማንም ሳይነካላት፣ ሸራውን ከሥር እስከ ጫፍ ብቻዋን ካወጣች ጀልባዋ የእሷ ናት፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካቃታት ለአስተማሪው ትሰጣለች።

አጎቴ ይህን ሰማ። በማግሥቱ የዓሣ መመዘኛውን ባለ መንጠቆ ሚዛን ይዞ መጣ። ገመድ አሰረበትና «እታለም፣ እስቲ ሳቢ» አላት። ሳበች። «እንደገና።» ሳበች። አሥር ጊዜ አሳባት፤ እኔ «ሴትየዋን ልትገድላት ነው?» እስክል ድረስ። ከዚያ እጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። የእናቴ እጅ ሳይደክም አሥራ ሁለት ኪሎ ይስባል። ሸራው ከነእንጨቱ ዘጠኝ ኪሎ ነው። የቀረው ሦስት ኪሎ ነው። ገመዱ የሚያልፍባቸው ሦስት ካሩኮላዎች አሉ፤ አንዱ ምሰሶው ጫፍ፣ አንዱ ምሰሶው ሥር፣ አንዱ እሷ የምትቆምበት አጠገብ። ሦስቱ አንድ ላይ ከሦስት ኪሎ በላይ ጉልበት ከበሉባት አለቀ።

ሁለት ሳምንት አሰበበት። ባለ ኳሱን እንዳያደርግ፣ ጨው ይገባበታል፣ ቆሞ መሸከሙም ይጎዳዋል። ነሐሱ ደግሞ ግራሶ ይፈልጋል፤ ምሰሶ ጫፍ ላይ ወጥቶ ማን ይቀባላታል? ከደረቀ ይጎትታል። በመጨረሻ የነጭ ናይለን ዘንግ ገዛ። ናይለን አይዝግም፣ ግራሶ አይጠይቅም፣ ቀላል ነው። ከዚህ በፊት ከፋብሪካ ተሠርተው የሚመጡትን የናይለን ቀለበቶች ይገጥም ነበር፤ ግን አይወዳቸውም። ሁልጊዜ ፒኑ ላይ ሰፋ ብለው ይወዛወዛሉ። «ፋብሪካው ስንፍናውን ነው የሸጠልን» ይል ነበር። ለእህቱ ግን ራሱ በቶርኖ ቆረጣቸው፤ በፒኑና በቀለበቱ መሃል ፀጉር አይገባም።

ሲጨርስ ሱቁ ጠራን። መዘውሩን ፒኑ ላይ ሰካና ለእናቴ አቀረበላት። «እፍ በይበት» አላት። እፍ አለችበት። መዘውሩ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። እናቴ እንደ ልጅ ሳቀች። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰውና «ልክ!» አለ። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ የተሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጀልባዋ ላይ ገጠማቸው። ያን ሳምንት ዝናቡ አንድም ቀን አላባራም። ዝናቡ ሲደክመው ማዕበሉ ይረጫል፤ ጀልባዋ ስትረጥብ ሰነበተች። እሑድ ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ሲል ወረድን።

እናቴ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጀልባዋ ላይ ቆመች። ገመዱን ያዘች። ሸራው መውጣት ጀመረ። ትንሽ ሄደ፤ ከበዳት፤ አረፈች፤ እንደገና ሳበች። ግማሽ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። በሁለት እጇ ሳበች። ወደ ኋላ ተደግፋ ሳበች። ከንፈሯ ነጣ። አጎቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደና ስምምነቱን አስታውሶ ተመለሰ። እሷ ቁጭ አለች።

«በቃ» አለች ቀስ ብላ።

ማናችንም ገመዱን አልነካንም። ከእሷ በኋላ መሳብ ንቀት መሰለኝ። አጎቴም ወደ ካሩኮላዎቹ ቀና ብሎ አላየም። የሚያየው እጇን ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በእሱ እጅ ያለፈ ዕቃ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ተመልሶ አልመጣም፤ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን እንደሚችል በሐሳቡ አልመጣም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። እናቴ ሸራውን ራሷ አወረደች፣ ራሷ አጠፈች፣ አስተማሪው ቅዳሜ መጥቶ እንዲረከብ ራሷ ሄዳ ነገረችው።

አሸነፍኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስሄድ እናቴ የሹራቧን ቁልፎች ሳትቆልፍ እንዲሁ ደርባው ተቀምጣለች። «ነይ ቆልፊልኝ» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ራሷ ነበር የምትቆልፈው። ማክሰኞ የብርጭቆውን ክዳን ክፈቺልኝ አለች። ረቡዕ ሻይ ቀድቼ ብሰጣት በሁለት እጇ አቅፋ ይዛ፣ «እነዚህ እጆች እኮ ሞተዋል፤ አላወቅኩም እንጂ» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን አሁንም «ባሕር ላይ ከምትሞት ቤቷ ትዘን» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ ዕለት ጀልባዋን ላጸዳ ሄድኩ። እናቴ ሸራው አንድ ቦታ ስፌቱ ተተርትሯል ብላኝ ነበርና፣ ለአስተማሪው ተቀድዶ መሰጠቱ ስሜን ያሰድባል ብዬ መርፌና ክር ይዣለሁ። የተተረተረውን ለማየት ሸራው መውጣት አለበት። ገመዱን ሳብኩ። ሳብኩ። ግማሽ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የተጠላለፈ ነገር አለ ብዬ ቀና አልኩ። ምንም የለም። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የብረት ካውያ የሚያነሣ ክንድ አለኝ። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ተንጠለጠልኩ። እግሬ ከወለሉ ተነሣ። ገመዱ መዳፌ ውስጥ ተንሸራትቶ ቆዳዬን ላጠው እንጂ ሸራው ንቅንቅ አላለም። እግሬ ሥር ያለውን ካሩኮላ በጣቴ ላዞር ሞከርኩ፤ እንደ ተበየደ ነው።

እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ አልኩ። የገባኝ ወዲያው ነው። እጇ አልነበረም። እና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ «ዝም ብል ማን ያውቃል?» የሚል ነው። ከነገ ወዲያ አስተማሪው ይወስዳታል። ያ አራት ሰዓት ዳግመኛ አይመጣም። እናቴ ቤቷ ውስጥ ደረቅ ሆና ትቀመጣለች። የቆሰለው መዳፌ ሲያቃጥለኝ ነው የተነሣሁት። ሹራቧን ራሷ የማትቆልፍ እናት ደህና ናት ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልኩም።

አጎቴ ሞርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚያን የናይለን ቀለበቶች ከመለካትህ በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሃቸዋል?»

ቀና አለ። «እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ?»

«እኔ አዲስ ጨርቅ ሳልነክር ለክቼ አልቆርጥም። ውሃ ሲነካው ባሕርዩ ይለወጣል። ያንተ ናይለን ውሃ አይጠጣም?»

«ፕላስቲክ እኮ ነው!» ብሎ ሊቆጣ ጀመረ። ከዚያ መሃል ላይ ተወው። መነጽሩን አወለቀ። ካቻቢቴውን ይዞ ከፊቴ ቀድሞ ወጣ።

ከምሰሶው ሥር ያለውን ካሩኮላ ፈታና ሱቁ ይዞት ተመለሰ። መዘውሩን በጣቱ ገፋ፤ አልዞረም። ፒኑን በእጁ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልወጣም። በመዶሻና በብሎን እየመታ አወጣው። ቀለበቱን ለካ። ሌላ፣ ከዘንጉ የተረፈ ደረቅ ቁራጭ አወጣና ለካ። እንደገና ለካ። ናይለኑ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ ወደ ውጭ መዘውሩ አላስኬደው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ፒኑን አንቆታል። ፋብሪካው ቀለበቱን አስፍቶ የሚሠራው ለዚህ ኖሯል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏችኋል ይኸው ነው።

አጎቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ስንፍና ነው እል ነበር» አለ። «ሠላሳ ዓመት ስሰድባቸው ኖርኩ።» ቀለበቱን ጣቶቹ መሃል ያዞረው ጀመር። ሽማግሌ መስሎ የታየኝ ያን ቀን ነው።

አሳዘነኝና ምክር ሰጠሁት፤ «ጋሼ፣ ዝም ብለህ ቀይረው። የተሻለ ዕቃ አገኘሁ በላት። ማንም አያውቅ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «እሷ እጇን እየረገመች ነው፤ አንቺ የእኔን ስም ታስቢያለሽ?» አለና ሽርጡን ሳያወልቅ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም፤ እኔ ዘግቼ ተከተልኩት።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማቸዋለች። አጎቴ ጫማውን ሳያራግፍ ገባ፤ እሷም መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ፊት ለፊቷ በርከክ አለ።

«እታለም፣ እጅሽ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ሸራውን ያስቀረው። የአንቺ እጅ አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው። አጥብቤ ሠራሁት። ውሃ ሲጠጣ አበጠ። አላሰብኩትም።» ቀለበቱን ዘረጋላት።

ቀለበቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ፀጉሩን ዳበሰችው። «አንተ ልጅ» አለችው፣ «በሕይወትህ ዋሽተህ አታውቅም። አሁን በስድሳ ሁለት ዓመትህ ለእኔ ብለህ አትጀምር።»

«አልዋሸሁም!»

«አንተ ተሳስተህ? ይሄን ዛሬ ጠዋት አጥብበህ ቆርጠኸው ነው የመጣኸው። አላውቅህም እንዴ? ያዘልኩህ እኔ አይደለሁም?»

ማለ፤ አላመነችም። ቁጥሩን ነገራት፤ ራሷን ነቀነቀች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የአጎቴ ስም ግን ከእውነቱም በላይ ዋለ። በተናገረ ቁጥር ይበልጥ ትራራለታለች፤ እሱም ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መናገር የሱ ድርሻ ነው፣ የእኔ ተፈጽሟል ብዬ ነበር።

«እማዬ» አልኩ፣ «እኔም ስቤው እምቢ ብሎኛል።»

ዓይኗን አነሣች። «አንቺ?»

«እኔ። ዛሬ። እግሬ እስኪነሣ ተንጠለጠልኩበት። ከግማሽ አላለፈም።»

 ያች ጀልባ እንድትሄድ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። አጎቴ ለእሷ ሲል ሊዋሽ ይችላል። እኔ በዚህ ነገር ለእሷ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም።

«እጅሽን አምጪ» አለች።

ሰጠኋት። መዳፌ ከጣቶቼ ሥር እስከ አንጓዬ ተልጦ ቀልቷል። ባበጡት ጣቶቿ ይዛ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ገመድ የላጠው እጅ ምን እንደሚመስል እሷ ታውቃለች። ከዚያ ያ በአራት ቀን ያልመጣው እንባ መጣ። መዳፌን ሳትለቅ አለቀሰች፤ አጎቴም አለቀሰ፤ እኔም ለቁጣዬ የሚሆን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«አራት ቀን ሙሉ ስሰድባችሁ ከረምኩ» አለች በመጨረሻ፤ የምታናግረው የራሷን እጆች ነው። «ይቅር በሉኝ እናንተዬ።» ቀጥላም ወደ ወንድሟ ዞራ ሻሿን ጠቅልላ ወረወረችበት። «አንተ ግን! ሰው ዝናብ ላይ የሚውል ነገር ሲሠራ ዝናብን አያማክርም?»

ሙከራው እንደገና ስለሚደረግ ቅዳሜ ጀልባዋን እንደማይረከብ ለአስተማሪው ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለእናቴ ሲል ደስ አለው።

አጎቴ አዲሶቹን ቀለበቶች ከባሕሩ በቀዳው ውሃ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈ። በየጠዋቱ እያወጣ ይለካና ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። በሃያ አንደኛው ቀን ቁጥሩ ማደጉን አቆመ። የዚያን ጊዜ ውስጣቸውን ፋቀ፤ ከዚያም በላይ ትንሽ፣ ፀጉር ብቻ ሳይሆን ክር የሚያስገባ ክፍተት ተወ። እጁ እምቢ እያለው እንደሠራው አይቻለሁ። ለምሰሶው ጫፍ ግን ሐሳቡን ቀየረና ነሐስ አደረገ፤ መሃሉን ቦርቡሮ ግራሶ ጠቀጠቀበት፤ «በዓመት አንዴ ምሰሶውን አጋድሜ እኔ እሞላዋለሁ፤ እኔ ከሌለሁ ልጅቷ ትሙላው» አለ። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ሌላ እሑድ ወረድን። ከመጀመሯ በፊት አጎቴ ጀልባዋ አጠገብ ቆሞ አፈረ።

«እታለም፣ ይንኳኳል። ሲደርቅ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይንኳኳል።»

«ይንኳኳ!» አለችና ገመዱን ያዘች።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ወጣ። አጎቴ በእያንዳንዷ ኳታ ዓይኑን ይጨፍናል። ግማሹን አለፈ። ሦስት ጊዜ አረፈች፤ በሦስተኛው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቆየች፤ በጣም እንዳመማት ያስታውቃል። ደግሞ ሳበች። ሸራው ጫፍ ደረሰ። ገመዱን በእነዚያ ጣቶች፣ ቀስ እያለች፣ ራሷ አሰረችው። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ዳርቻው ላይ የታሰረችበትን ገመድ ወጥራ ወደ ውጭ ተሳበች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ስምምነታችን አፌን እንድዘጋ ነው። አልቻልኩም።

«እማዬ፣ እፈራለሁ» አልኳት።

«እኔም እፈራለሁ» አለች፤ «ሁልጊዜ። ፍቺልኝ በይ።»

ጎንበስ አልኩ። ቋጠሮው በውሃ ጠብቆ ነበርና ጊዜ ወሰደብኝ። ፈታሁላት።